አራት ጊዜ «የስ»

(ሞጆ፣ በአንድ ቆዳ ፋብሪካ፤ የምርት ክፍል ኃላፊው ጋሽ ከፈለኝ ለውጭ አገር ገዢዎች በእንግሊዝኛ ገለጻ አድርገው በሻይ ዕረፍት ከወጡ በኋላ፣ ከአዳራሹ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ከሽያጭ ክፍል ባልደረባቸው ከምንትዋብ ጋር።)

ጋሽ ከፈለኝ፦ ታሟል በያቸው። ወገቡን ያዘው፣ ደሙ ከፍ አለ፣ የፈለግሽውን በያቸው።

ምንትዋብ፦ አሁን አብረዋቸው ብስኩት ሲበሉ ያዩዎት ሰዎች ናቸውኮ! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ የሌለበትን በሽታ የሚያወራስ ምን ሊባል ነው?

ጋሽ ከፈለኝ፦ ብስኩቱስ መቼ ወረደልኝ? ምንትዋብ፣ በእናትሽ፣ እዚያ አዳራሽ ተመልሼ አልገባም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ይሻለኛል።

ምንትዋብ፦ ገለጻውንኮ አምስቱንም ገጽ አንድ ቃል ሳይስቱ ነው የተወጡት።

ጋሽ ከፈለኝ፦ እንደ ዳዊት ሸምድጄው ነዋ! ወር ሙሉ ሚስቴን አሰልችቼ። ግን ዳዊት ስደግም እግዜር መሀል ላይ እጁን አውጥቶ «ጥያቄ አለኝ» አይለኝም!

ምንትዋብ፦ እነሱ ግን አወጡ።

ጋሽ ከፈለኝ፦ አወጡ። ያ ረጅሙ ሰውዬ አፉን ሲከፍት ጆሮዬ ውኃ የገባበት መሰለኝ። አንዲት ቃል አልያዝኩም። እንግዳ ነው፣ ሰው ሁሉ ያየኛል፤ ታዲያ ምን ልበል? «የስ» አልኩ።

ምንትዋብ፦ አራት ጊዜ።

ጋሽ ከፈለኝ፦ ቆጥረሻላ! ልጆቹ ደግሞ ከኋላ ሆነው ሲያጨበጭቡልኝ! ሥራ ያስተማርኳቸው ልጆች፣ በእንግሊዝኛ ድል የነሳሁ መሰላቸው። የገደለኝ እሱ ጭብጨባ ነው። ቢያንስ እነሱን ከአዳራሹ አስወጪልኝ። ለመሆኑ ምን ብለው ነው የጠየቁኝ?

ምንትዋብ፦ ይቅርብዎት።

ጋሽ ከፈለኝ፦ ንገሪኝ እንጂ!

ምንትዋብ፦ መጀመሪያ «እየፈጠንብህ ነው እንዴ?» አሉ።

ጋሽ ከፈለኝ፦ እኔም «የስ» አልኩ?

ምንትዋብ፦ «የስ» አሉ።

ጋሽ ከፈለኝ፦ ተመስገን! ያችን እንኳ እውነት ተናግሬአለሁ። ቀጥሎስ?

ምንትዋብ፦ ሁለቱ ስለ ውኃውና ስለ መብራቱ ነበሩ፤ ጉዳት የላቸውም። አራተኛው ነው ጉዱ። «አሥር ሺህ የበግ ቆዳ አልፍታችሁ በሃያ ቀን ታስረክባላችሁ?»

ጋሽ ከፈለኝ፦ እና... «የስ»?

ምንትዋብ፦ «የስ»። ሰውዬው ጽፎታል። ከሻይ በኋላ ውሉ ላይ ይገባል።

ጋሽ ከፈለኝ፦ ሃያ ቀን! አርባ አምስት ቀን የሚፈልገውን ቆዳ! በሃያ ቀን ቢወጣኮ መርፌ ሳይነካው ይሰነጠቃል። ሠላሳ ዓመት የገነባሁት ስም! አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ሲሉ እስቅ ነበር። ይኸው፣ ራሴ ከተመለጠ ቆየ፣ ዛሬ አፌ ተከተለው። ቆይ ግን... አንቺ ጥያቄው ገብቶሻል ማለት ነዋ?

ምንትዋብ፦ አዎ።

ጋሽ ከፈለኝ፦ እዚያው አጠገቤ ተቀምጠሽ?

ምንትዋብ፦ እጄን ላወጣ ብዬ ነበር። በልጆቹ ፊት «ጋሽ ከፈለኝ አልገባቸውም» ብዬ እንዴት ላዋርድዎት? ይሉኝታ ያዘኝ። ደግሞ ጥፋቱ የእኔም ነው። ገለጻውን በቀላል ቃል ብጽፈው ይንቁኛል ብዬ፣ ከመዝገበ ቃላት ያገኘሁትን ከባድ ከባድ ቃል ሁሉ አጨቅኩበት። ግማሹን እኔም አላውቀውም። በጣም ነው ያፈርኩት።

ጋሽ ከፈለኝ፦ እኔስ የማላውቀውን ቃል ለምን አልጠየቅኩሽም? ልጅ ነሽና። ልጅ መጠየቅ አሳፈረኝ።

ምንትዋብ፦ «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» እያሉ የሚመክሩን እርስዎ አይደሉ?

ጋሽ ከፈለኝ፦ ለሌላው ሲሆን ምላስ መች ይከብዳል!

ምንትዋብ፦ ቢራራ ትዝ ይልዎታል? የቆዳውን ጠጉር የሚያረግፈው የኖራ መጠን ሳይገባው «እሺ ጋሼ» ብሎ አንድ ድራም ሙሉ ቆዳ ያቃጠለው?

ጋሽ ከፈለኝ፦ እንዴት ይረሳኛል! «ያልገባው ሰው ቆዳ አይነካም» ብዬ ሳምንት ሙሉ ከሥራው አገድኩት። በሰው ሁሉ ፊት። አንገቱን ደፍቶ ሲወጣ እንኳ አላዘንኩለትም።

ምንትዋብ፦ ከኋላ ወንበር ተቀምጧል። ከሁሉም አብልጦ ያጨበጨበልዎት እሱ ነው።

ጋሽ ከፈለኝ፦ ወይኔ ከፈለኝ!

ምንትዋብ፦ ይስሙኝ፣ እየጠሩን ነው። እኔ ልግባና «ቀኑን በስህተት ሃያ ብዬ ጽፌ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፣ እሳቸው ያንን ይዘው ነው የስ ያሉት» ልበላቸው። ቀኑ ይስተካከላል፣ የእርስዎም ስም አይነካም። ማንም አያውቅም።

ጋሽ ከፈለኝ፦ ማንም?

ምንትዋብ፦ ማንም።

ጋሽ ከፈለኝ፦ ሸጋ መላ ነው። በጣም ሸጋ ነው።

ምንትዋብ፦ እንግዲያው ልሂዳ?

ጋሽ ከፈለኝ፦ ቆይ። «አልገባኝም ነበር» በእንግሊዝኛ ስንት ቃል ነው?

ምንትዋብ፦ ሦስት።

ጋሽ ከፈለኝ፦ አምስት ገጽ ስሸመድድ ከርሜ፣ ለካ የጎደለችኝ ሦስት ቃል ናት! በይ ቶሎ አስጠኚኝ። የቀረውን እጄ ይናገር፤ በሃያ ቀን የሚወጣውንና በአርባ አምስት ቀን የሚወጣውን ቆዳ ጎን ለጎን አስቀምጬ ላስዳስሳቸው።

ምንትዋብ፦ ልጆቹንስ? ቅድም አስወጪልኝ ብለውኝ ነበር።

ጋሽ ከፈለኝ፦ ተያቸው፣ ይቀመጡ። ቢራራን ግን ወደ ፊተኛው ወንበር አምጪልኝ።