እትዬ ሠርካለምና ባሕር ተሻግራ የመጣችው የእሳት እራት

እስቲ ብርጭቆውን አንዴ አስቀምጡልኝ፤ የጡረታ መሸኛው ጠላ የትም አይሸሽም።

እትዬ ሠርካለም፣ እኛ ግብርና ቢሮ የመጡ ቀን ትልቅ ሳፋ በብብትዎ ይዘው ነበር የገቡት። ጋሼ ደግሰው የሚባሉት ጥበቃችን የልብስ ማጠቢያው በጓሮ ነው ብለው መንገድ አሳዩዎት። እርስዎም ሳይቀየሙ፣ «ልብስ የለኝም፤ ሌባ ልይዝ ነው የመጣሁት» አሉ።

ሌባዋ ከገብስ ፍሬ የማትበልጥ፣ ቲማቲማችንን የምትጨርስ አመድማ የእሳት እራት ነበረች። አገሯ ደቡብ አሜሪካ ነው። ጉድ እኮ ነው! እኛ ከዋጉ ዝቋላ ወረዳ ሰቆጣ ለመድረስ ወገባችን ይቆረጣል፤ እሷ ውቅያኖስ ተሻግራ ዝቋላ ገባች።

እርስዎ ደግሞ ሳፋው ውስጥ የሳሙና ውሃ ይሞሉና የሴቷን የእሳት እራት ሽታ የያዘች ቁራጭ ጎማ ያንጠለጥላሉ። እኛ ርቦን፣ ሾፌሩ ጥሩንባውን እየነፋ፣ «ቆይ ፋንታሁን፣ ሲመሽ ወንዶቹ ይመጣሉ» ይሉኛል። አላፊ አግዳሚው ምን ይላል ብዬ ስሸማቀቅ፣ እውነትም ይመጣሉ። በዚያ ሁሉ ንፋስ ውስጥ ሽታዋን ብቻ ተከትለው ሳፋው ውስጥ ጥልቅ!

የዝቋላውን ገበሬ ዓለምነህን ግን መቼም አልረሳም። የቲማቲም ማሳው እሳት የበላው መስሎ ሲደርቅበት ወደ ዓረብ አገር ሊሄድ ጓዙን አሰረ። እናቱ እማማ ወለተ ሚካኤል እያለቀሱ ጠሩን። እርስዎ አንዲት ቅጠል ቆርጠው ወደ ፀሐይ አነሡለት። የእሳት እራቷ ልጅ፣ ትሏ፣ በቅጠሉ ሁለት ቆዳዎች መካከል እየበላች ስትሄድ ታየች። ያን ያህል ስስ ነገር ውስጥ ቤትም፣ ቀለብም፣ መንገድም አላት። የፈጣሪ ሥራ አፋችንን አስያዘን። ያኔ ቀስ ብለው፣ «ይቺ ከዚያ ሁሉ አገር መጥታ እዚህ ከኖረች፣ አንተ የገዛ መሬትህ ላይ መኖር እንዴት ያቅትሃል?» አሉት።

ጓዙን ፈታ። የተበላውን ነቅሎ ቀበረ፤ አንድ ወቅት እሷ የማትነካውን ሽንኩርት ተክሎ አስራባት፤ ከዚያ ከነሳፋው ወደ ቲማቲሙ ተመለሰ።

እትዬ፣ እኛ ትል የምናየው ለመግደል ብቻ ነበር። መጀመሪያ መደነቅን ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። ከልባችን እናመሰግናለን። እማማ ወለተ ሚካኤል ግን ትናንት፣ «ከእንግዲህ ቅጠሉን ማን ገልብጦ ያይልናል?» ብለው ሲጨነቁ ነበር።

በሉ ብርጭቋችሁን አንሡ። ዕድሜ ከጤና ይስጥልን፤ የልጅ ልጅ ይሳሙ። ፊትዎ ያለው ቲማቲም ዓለምነህ የላከው ነው። ቅድም ገልበጥ አድርገው ቀዳዳ ሲፈልጉ አይቼዎታለሁ። ዛሬስ ዝም ብለው ይብሉ፤ ማሳው ድረስ ሄጄ ቅጠሉን ገልብጬ አይቻለሁ።