ካሜራ በፀሐይ አይመረጥም

ቀኑን ሙሉ የፈተና ወረቀት ሳርም ውዬ ዓይኔ ፊደል ከቁጥር መለየት ሲያቅተው፣ ለግድግዳ ሰዓቴ ባትሪ ልግዛ ብዬ ወደ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ሱቅ ጎራ አልኩ። እውነቱን ለመናገር ከባትሪው ይልቅ የፈለግሁት በሩ አጠገብ ያለውን ወንበር ነበር። ባለሱቁ ያውቀኛል፤ ምን ልታዘዝ ሳይል እንድቀመጥ በእጁ ጠቆመኝ።

ከባንኮኒው ፊት ጎረቤቴ የሆኑት ሽማግሌ ፎቶ አንሺ ቆመዋል። ሰፈሩ «ጋሽ አትንቀሳቀስ» ይላቸዋል፤ ዕድሜ ልካቸውን ለትልቅም ለትንሽም ሲናገሩ የኖሩት ይህንኑ ስለሆነ ነው። አጠገባቸው የእህታቸው ልጅ ነበረች። ፎቶ ማንሳትን ኮሌጅ ገብታ ተምራ ማተሚያ ቤት ተቀጥራለች። የሁለቱም ፊት የእንቅልፍ ያለህ ይላል።

ምክንያቱን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። የልጅቷ እናት፣ ለጋሽ አትንቀሳቀስ ደግሞ እናት ሆነው ያሳደጓቸው ታላቅ እህት፣ አልጋ ከያዙ ቆይተዋል። ሕመሙ ዓይናቸውን ብርሃን ጠል አድርጎታል፤ መጋረጃው በቀንም አይከፈትም። ሐኪሙ ብዙ ጊዜ እንደሌላቸው ሳይደብቅ ተናግሯል። የሰውን ሁሉ ፊት ሲያስቀሩ የኖሩት ሰውዬ ደግሞ የገዛ እህታቸውን አንድ ደህና ፎቶ አላስቀሩም፤ ነገ ነገ ሲሉ ጊዜው አለፈ። በቅርቡ በኪስ ካሜራቸው ሞክረው ነበር። ያለ ፍላሽ ብልጭታ ሲያነሱ የእህታቸው ፊት አሸዋ እንደተበተነበት ሆኖ ወጣ። በብልጭታ ሲያነሱ እህታቸው በሕመም ጮኸው ፊታቸውን ሸፈኑ፤ ሁለተኛ አታንሳኝም አሉ። ከዚያ ወዲህ ወንድምየው የሚጠይቋቸው ከበሩ ላይ ሆነው ነው።

አሁን አዲስ ካሜራ ሊገዙ መጥተው ይከራከራሉ። ሁለት ካሜራዎች ባንኮኒው ላይ ተቀምጠዋል። አንዱ ኪስ የሚገባ ሲሆን ካርቶኑ ላይ የሜጋፒክስሉ ቁጥር፣ ማለትም ፎቶው የሚሠራባቸው ነጥቦች ብዛት፣ በትልቁ ተጽፏል። ሁለተኛው ወፈር ያለ ነው፤ ቁጥሩ ግን ያንሳል። ሽማግሌው ትንሹን ይዘው ወደ ደጅ ወጡና መንገዱን በፀሐይ አንስተው ተመለሱ። ካሜራ ሲገዙ ሁልጊዜ የሚያደርጉት ይህንን ነው። ፎቶው የሚያምር ነበር።

«ልጄ፣ ካሜራ ሳጥን ነው» አሉ በደከመ ድምፅ። «ሥራው የፊልሙና የሌንሱ ነው። እኔ ርካሽ ሳጥን ጥሩ ፊልም አጉርሼ ስንቱን አንስቻለሁ። ደግሞ የዚህኛው ቁጥር ይበልጣል።»

«ያሉት ለፊልም ዘመን እውነት ነው፣ አጎቴ። ያኔ የእርስዎ ርካሽ ሳጥንም ውዱም የሚጎርሱት አንድ ዓይነት ፊልም ነበር። አሁን ግን ፊልሙ ውስጡ ተተክሎ ነው የሚሸጠው። ሴንሰር የሚሉት እሱ ነው፤ አንዴ ከገዙት አይቀይሩትም። የዚህች የትንሿ ሴንሰር የትንሽ ጣቴን ጥፍር አያክልም። የዚያኛው ቴምብር ያክላል።»

«ቁጥሩስ ታዲያ?»

«አንድ ዳቦ ለሃያ ልጅም ለአርባ ልጅም ይቆረሳል። ልጁ ስለበዛ ዳቦው አይበዛም። ቁጥሩ የልጆቹ ነው፤ ዳቦው ሴንሰሩ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ነው። ደጅ ፀሐይ ላይ ሁሉም ጠግቦ ያድራል። እናቴ ክፍል ውስጥ ግን ያለው ብርሃን ቁራሽ ነው፤ ለዚያ ሰፋ አድርጎ የሚቀበል ያስፈልገናል።»

ሽማግሌው ቶሎ የሚረቱ ሰው አልነበሩም። ፎቶው አሸዋ ቢሆንም እሷው በኮምፒውተር ታስተካክለው የለም ወይ ሲሉ ጠየቁ። ልጅቷ ባንኮኒውን ተደገፈች፤ ይህን ጥያቄ መሥሪያ ቤቷ ውስጥም በየቀኑ እንደሚጠይቋት ያስታውቃል።

«ያልገባ ብርሃን ከየት አመጣለሁ? ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው የሚሆንብኝ። አሸዋውን ልጥረግ ብል የፊቷ ሽብሽብ አብሮ ይጠረጋል። ያ ሽብሽብ ከሌለ ደግሞ እናቴ አይደለችም።»

ይህን ጊዜ ባለሱቁ ገበያ ሸተተውና ከመስታወቱ ጀርባ ከሁሉ የሚበልጥ ካሜራ አወጣ። ሴንሰሩ ልክ የድሮውን ፊልም አንድ ክፍል ያክላል አለ። ልጅቷ አመስግና መለሰችለት። ትልቅ ሁሉ ይገዛ አላለችም፤ ካሜራው ከባድ ነው፣ ሌንሱ ደግሞ ይብሳል፣ የአጎቷ የእጅ አንጓ አይችለውም፤ መካከለኛው ለዚህ ሥራ ይበቃል። ሽማግሌው እጃቸው እንደሚንቀጠቀጥም አነሱ። ብርሃን በደንብ የሚቀበል ካሜራ ዓይኑን ቶሎ ከፍቶ ቶሎ ስለሚዘጋ ለሚንቀጠቀጥ እጅ የሚሻለው እሱ እንደሆነ ነገረቻቸው።

ሽማግሌው ግን ትንሿን ካሜራ ከእጃቸው አላስቀመጡም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አልኩ በልቤ፤ ድካም ሰውን ክፉ ያደርገዋል። መልሳቸውን ስሰማ አፈርኩ።

«ግትር ሆኜ አይደለም» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እሺ ብዬ ብገዛውና እሱም ባይወጣስ? ያኔ ያለኝ ብልጭታው ብቻ ነው። ሁለተኛ ላሳምማት አልችልም፣ ልጄ።»

 ልጅቷ ባለሱቁን የዕቃ ማከማቻውን እንዲከፍትላቸው ለመነችው። እኔም ወንበሬን እያዘንኩ ተውኩና ተከተልኳቸው። ጠባብና ጨለም ያለ ክፍል ነበር። አምፖሉን አጠፋች፤ በሩን ገርበብ አደረገች፤ ባለሱቁን ካርቶን ላይ አስቀምጣ ያለ ብልጭታ በሁለቱም ካሜራዎች አነሳችው። ከዚያ ሁለቱንም ፎቶዎች እያጎላች ለአጎቷ አሳየቻቸው። በትንሿ የባለሱቁ ጉንጭና ጢም ተለይተው አይታወቁም፤ ቀይና አረንጓዴ ነጥብ ፈስሶባቸዋል። በሁለተኛው ሽፋሽፍቱ ይቆጠራል። ዛሬ ሳይላጭ የቀረው ጢሙም አልተደበቀም፤ ይህን ሲያይ እባካችሁ አጥፉልኝ አለ።

ሽማግሌው ሁለቱን ፎቶዎች እያፈራረቁ አዩ።

«ለካ እስከ ዛሬ ስመርጥ የኖርኩት ካሜራ አይደለም» አሉ በመጨረሻ፤ «ፀሐዩን ነው። ይሄኛውን ስጠኝ።»

እዚህ ላይ አንባቢዬን ጥቂት ልምከር፤ ማስተማር ልማዴ ነውና አይፈረድብኝም። ካሜራ ልትገዛ ስትነሳ መጀመሪያ የት እንደምታነሳበት ራስህን ጠይቅ። ዘወትር በቀን፣ በደጅ ከሆነ የኪሷ ትበቃሃለች፤ ሸክም ምን ይሠራልሃል? ቤት ውስጥ፣ ሲመሻሽ፣ ወይም ብልጭታ የማይወድ ሰው የምታነሳ ከሆነ ግን ከካርቶኑ ቁጥር አስቀድመህ የሴንሰሩን ስፋት ጠይቅ። የምታነሳበትን ዓይነት ብርሃን ፈልገህ እዚያው ሱቁ ውስጥ ሞክረው። ክብደቱንም በእጅህ መዝን፤ ከብዶህ ቤት የምትተወው ካሜራ የማንንም ፊት አያስቀርልህም። ሽማግሌውን የረታቸው ትምህርቷ ብቻ አልነበረም፤ ሳይንቁ ለመሞከር መፍቀዳቸውም ነው። ብዙዎቻችን ይህን አንፈቅድም።

ቤታችን አንድ አቅጣጫ ስለሆነ አብረን ሄድን። ባትሪውን ረስቼው ኖሯል። ከበራቸው ስንደርስ ሽማግሌው እርስዎም ይግቡ አሉኝ፤ ብቻቸውን መግባት የፈሩ መሰለኝ።

ክፍሉ ድንግዝግዝ ያለ ነው። በመጋረጃው ጠርዝ የሚገባው ብርሃን ከአልጋው አያልፍም። ታላቂቱ እህት ትራስ ተደግፈዋል። ወንድማቸው ካሜራ መያዛቸውን ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ፤ ግን እምቢ አላሉም። የብርድ ልብሱን ጫፍ በሁለት እጃቸው ጨብጠው ጠበቁ።

ጋሽ አትንቀሳቀስ ከአልጋው ጠርዝ ተቀመጡ። ክንዳቸውን ጉልበታቸው ላይ አስደገፉና ትንፋሻቸውን ያዙ። ካሜራው ቀጭን ድምፅ አሰማ። ልጅቷ በትከሻቸው በኩል የካሜራውን ስክሪን አየችና እጇን አፏ ላይ አደረገች። ሽብሽቡ፣ ዓይኑ፣ ሁሉም ነበር።

አልጋው ላይ ያሉት ግን ብልጭታውን እየጠበቁ ጭብጣቸውን አልፈቱም።

«ምን ትጠብቃለህ?» አሉ። «በል ቶሎ አንሳኝና ይለፍልኝ።»

«አንስቼሻለሁ፣ እትዬ።»

 የእህትየው ጣቶች ከብርድ ልብሱ ላይ ቀስ በቀስ ተፈቱ።

«እንግዲያስ ቆይ» አሉ፤ «ሻሼን ላስተካክልና ድገመኝ።»