ሜትሩ ሲነሳ

የሟች ባለቤቴን ካፖርት ለወንድሙ ልጅ እንዲያጠብቡልኝ ወደ ሰፈራችን ልብስ ሰፊ በሄድኩበት ቀን፣ ከፍርድ ቤት የመጣች አንዲት ወጣት የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ እዚያው አገኘሁ። የስፌት መኪናው ላይ የሰፈሩ ሰው የፈረመበት አንድ ማመልከቻ ተቀምጧል። የሱቅ መስተዋት የሰበረችውና የክፍል ጓደኛዋን በእርሳስ የወጋችው የአሥራ አራት ዓመት ጎረቤቴ ወደ ሰፈር እንዳትመለስ የሚጠይቅ ነው። የቀረው የሽማግሌው ልብስ ሰፊ ፊርማ ብቻ ነበር።

«ጋሼ፣ ከመፈረምዎ በፊት ሁለት ደቂቃ ይስጡኝ» አለች ወጣቷ።

«ልጄ፣ እኔም በአባቴ ኩርኩም ነው ያደግኩት። ማንንም አልወጋሁም።»

«ከጨርቅ በቀር» አልኳቸው።

«እትዬ ደግሞ!» ብለው ሳቁ።

«እውነትዎን ነው፤ የተደበደበ ሁሉ አጥፊ አይሆንም» አለች ወጣቷ። «ግን እኛ ዘንድ የሚመጡት ልጆች ኋላቸው ሲታይ፣ ብዙዎቹ ከማጥፋታቸው በፊት ተበድለዋል። እቤቱ ዱላ ሲጠብቅ የሚውል ልጅ፣ ውጭ እጅ የተነሳበት ሲመስለው ቀድሞ ይመታል።»

«እንግዲያ ዝም ትባል?»

«የለም፣ ትጠየቃለች። የምትመለሰው ግን ወደዚያው ዱላ ከሆነ ምን አተረፍን? አክስቷ ሊወስዷት ፈቅደዋል። አባትየው አልነካኋትም ይላሉ፤ የሚመሰክር ጎረቤት አጣሁ። የደንብ ልብሷን የሰፉት እርስዎ ነዎት?»

«ሦስት ዓመት ሙሉ። በዚያ ሁሉ ሙቀት ረጅም እጅጌ ነው አባቷ የሚያዘው...» አሉና አንገታቸው ላይ ያለውን ሜትር ያዙ። ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ልለካት ይሄን ሳነሳ ፊቷን በክንዷ ትከልል ነበር። ‹አለንጋ መሰለሽ እንዴ?› እያልኩ እስቅባት ነበር።»

እኔ የምኖረው ከልጅቷ ቤት ግድግዳ ማዶ ነው። ጩኸት ስሰማ ሬዲዮ ከፍ አደርግ ነበር። የራሴ ኀዘን ይበቃኛል ብዬ።

«እኔም እመሰክራለሁ» አልኩ።

ሽማግሌው ማመልከቻውን ሳይፈርሙ አጣጥፈው አስቀመጡት። «ጉዳዩ በስንት ሰዓት ነው የሚቀርበው?» ብለው ጃኬታቸውን አነሱ።

ፍርድ ቤቱ ልጅቷን ለአክስቷ ሰጠ፤ በየሳምንቱም ከባለሙያዋ ጋር እንድትነጋገር አዘዘ። ያቆሰለቻትን ልጅ ይቅርታ ጠየቀች፤ ትምህርቷንም ቀጠለች። ከዚያ ወዲህ የተሰበረ መስተዋት የለም። በሰፈራችን ልጅ ሲያጠፋ እቤቱ ምን እንዳለ የሚጠይቅ ሰው ተገኝቷል፤ ጩኸት ሲሰማ ግድግዳ የሚያንኳኳም።

በዓመቱ አዲስ የደንብ ልብስ ልታሰፋ መጣች፤ አጭር እጅጌ። ሽማግሌው ሜትሩን አላነሱም። መዳፋቸው ላይ አድርገው ዘረጉላት።

«እንኪ ልጄ፣ አንቺው ለኪና ንገሪኝ፤ እኔ እጽፋለሁ።»