ስህተቱ የራሳችን ሲሆን

ጌታዬ ዳይሬክተር፣ ባልደረቦቼ፣ የእትዬ ሚዛን ልጆች፤

ዛሬ በጡረታ የምንሸኛቸው እትዬ ሚዛን እዚህ ሚዛን ፍተሻ ቢሮ ሥራ የጀመሩ ዕለት ያደረጉትን ዘበኛችን ዛሬም ሲያወሩት ይስቃሉ። ወንበራቸውን እንኳ ሳይዙ ካፌ ወርደው፣ ከቦርሳቸው ባወጡት ትንሽ ሚዛን ዳቦውን መዝነው፣ ባለቤቱን «አሥራ ሁለት ግራም ይጎድለዋል» አሉት። ሰውዬው ከዚያ ወዲህ ለእሳቸው ለብቻ ተለቅ ያለ ዳቦ ይጋግራል። እሳቸውም መልሰው ይመዝኑታል።

እትዬ፣ ጠረጴዛችን ፊት ለፊት ነውና በየጠዋቱ አንድ ስብከት ስሰማ ኖሬያለሁ፤ አገራችን አባል ከሆነችበት የአገራት ኅብረት ብትወጣ የሚገኘውን ጥቅም። ሕጋችንን ራሳችን እናወጣለን። ከፈለግነው አገር ጋር ራሳችን እንዋዋላለን። ዋና ዋናዎቹን የሚዛን ድንጋዮች ለማስተካከል ለኅብረቱ ቢሮ ልከን ስምንት ወር አንጠብቅም። እኔ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብዬ ስሞግትዎ፣ «አንበሳውንስ ይሁን፣ እኛንም አብሮ አሰረን እኮ» ይሉኝ ነበር።

በሕዝበ ውሳኔው ድምፅ ሲሰጥ እርስዎ እንውጣ፣ እኔ እንቆይ አልን። አሸነፉኝ። ሳምንት ሙሉ አኮረፍኩ። እርስዎ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ በየጠዋቱ ሻይ ያስመጡልኝ ነበር፤ ያውም ስኳሩን መዝነው።

ከኅብረቱ በወጣን በሁለተኛው ወር ድንጋዮቹን ማስተካከል የእኔ ሥራ ሆነና ተሳሳትኩ። በእኔ ድንጋይ የተፈተሹ አርባ ሁለት የገበያ ሚዛኖች የገዢውን ሥጋና ስኳር ያጎድሉ ጀመር። መባረሬ ነው ብዬ ዕቃዬን በካርቶን ስሰበስብ አዩኝ። ሪፖርቱ ላይ «ያጸደቅኩት እኔ ነኝ» ብለው ፈረሙና ወደ እኔ ዞሩ።

«ድሮ የሚሳሳቱት እነሱ፣ የምንጠብቀው እኛ ነበርን። አሁን ስህተቱ የራሳችን ነው። ተነሺ፣ እናርመው።»

በዚያ በሚያምዎት ጉልበት አራት ቀን ሱቅ ለሱቅ ዞርን። ሥጋ ሻጩ ሲቆጣ ፊት ለፊቱ የቆሙት እርስዎ ነበሩ። በአራት ቀን አርባ ሁለቱም ተስተካከሉ። በድሮው ቢሆን ደብዳቤያችን ገና መንገድ ላይ ነበር። ይህን አንዴ ብያለሁ፤ አልደግመውም።

ድምፄን እንደሆነ ዛሬም አልቀይርም። ከወጣን ወዲህ የተፈጠረውን የድንበር ወረፋ ያየ ይፈርድልኛል። ግን እውነቱን ልናገር፤ ያን ዕለት ብቻዬን ቢተዉኝ ኖሮ ዛሬ እዚህ አልቆምም ነበር። እናት ሆነውኛል፣ እትዬ። አመሰግናለሁ።

ከሰኞ ጀምሮ በእርስዎ ቦታ የምፈርመው እኔ ነኝ። አልዋሽም፣ ፈርቻለሁ። ከበላዬ የማሳብብበት ኅብረት የለም፣ ከፊቴም እርስዎ የሉም።

በሉ፣ ብርጭቆ እናንሳ። ለእትዬ ሚዛን ጤና፣ ዕድሜና የልጅ ልጅ ይስጥልን። ጉልበትዎ ይረፍ፤ ስልክዎን ግን አደራ፣ እንዳይዘጉት።