ወባ ነው ብሎ የወደቀው ተማሪ

የጋምቤላ ክልል በተቋቋመ ሰሞን ነው፤ ከአቦቦ ወደ ጋምቤላ በምትሄድ ፒክአፕ ላይ ከኋላ ተጭነናል። ከጎኔ አንዲት የሠፈራ መንደር እናትና ጤና ረዳትነት የሚማር ወጣት ወሬ ጀመሩ።

«ትምህርት እንዴት ነው ልጄ?»

«ወድቄ ድጋሚ ልፈተን እየሄድኩ ነው፣ እማማ።»

«ምን ጠይቀውህ?»

«ትኩሳትና ራስ ምታት ያለበት በሽተኛ ሰጡኝ። ወባ ነው አልኩ።»

«አልነበረም?»

«ነበረ እንጂ! ደሙ ሲታይ ወባ ተገኘ።»

«ታዲያ በምን ጣሉህ?»

«መምህሩ ‹በምን አወቅህ?› አለኝ። ‹እዚህ አገር ያተኮሰው ሁሉ ወባ ነዋ› አልኩት።»

«እውነትህን ነው! እኛስ መቼ ሌላ እንላለን?»

«‹አንገቱ ይታጠፍ አይታጠፍ አይተሃል?› አለኝ። አላየሁም። ‹አንገት የሚያደርቀው ማጅራት ገትር ቢሆን ኖሮስ?› አለኝ።»

«ከዚያስ?»

«‹አገሩን እንጂ ሰውየውን አልመረመርክም› ብሎ ጣለኝ።»

«ዛሬም የሚያተኩሰው ሰው ቢሰጡህስ?»

«ልቤ ወባ ነው ይለኛል። አንገቱን ሳላይ ግን አልናገርም።»

ጠዋት ቢያተኩሳት የወባ ክኒን አስውጬ ቤት የተውኳት ልጄ፣ «ደህና ዋይ» ስላት አንገቷን ሳታዞር እንደመለሰችልኝ ትዝ አለኝ።