የከሳው በሬና የኤቢሴ ኩላሊት

በ2011 ዓ.ም. በጥር ወር፣ አንድ ማለዳ ከአምቦ መናኸሪያ ወደ አዲስ አበባ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። በቀኜ የእጃጂው ገበሬ ኦቦ ተሬፋ ተቀምጠዋል፤ መምህርት ልጃቸው ኤቢሴ አምቦ ውስጥ ጎረቤቴ ስለሆነች በደንብ እንተዋወቃለን። በግራዬ የሰፈራችን ልጅ ማኅሌት አለች፤ አዲስ አበባ የኩላሊት ሕሙማን ነርስ ናት። እኔ በሁለቱ መካከል እንደ ዳኛ ተሰየምኩ፤ ዳኛው ግን ከሁለቱም ያነሰ ነበር የሚያውቀው።

«አካም ቡልተን፣ እንዴት አደሩ ኦቦ ተሬፋ? ኤቢሴ እንዴት ናት?» አልኳቸው።

«ነጋ፣ ገለተ ዋቃ፤ ሰላም ነው፣ እግዜር ይመስገን» አሉ፤ ፊታቸው ግን ሰላም አልነበረውም። ጥቁር የሥር መድኃኒት የሞላበት ሃይላንድ ታቅፈዋል። «ወንድሟ ኢፋ ኩላሊቱን ሰጣት። ዛሬ ስድስተኛ ቀኗ ነው። ግን ኩላሊቱ አልሠራም። ያ... ያ ነገር አይመጣላትም።»

«ሽንት ማለትዎ ነው?» አለች ማኅሌት።

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ቃሉን ከሴት ልጅ አፍ መስማት ለእሳቸው ነውር ነው። «እሱው» አሉ በመጨረሻ። «ምክንያቱን አውቀዋለሁ። በእናታቸው መሬት ተጣልተው ዓመት ሙሉ አልተነጋገሩም። ኢፋ የሰጣት ከልቡ አይደለም። እኛ ዘንድ ሳይታረቁ የሰጡት ነገር አይበረክትም። ዛሬ ደርሼ ቂሙን አናዝዘዋለሁ፤ ለእሷ ይህን አጠጣታለሁ። ካልሆነም ከሆስፒታል አስወጥቼ አገሬ እወስዳታለሁ።»

«አባባ፣ ጎኑን ተቀዶ የሰጠን ሰው ልብህ የታለ ሊሉት ነው?»

«ታዲያ ደህና የነበረ ኩላሊት ምን አገኘው? ሐኪሞቹ ተኝቷል፣ ይነቃል ይላሉ። ከአንድ ክፍል ወደ ሌላ ክፍል እኮ ነው የሄደው! በዚያች መንገድ ምን አስተኛው?»

ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አይደለም። እኔ ራሴ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አሥራ ስምንት ዓመት ሠርቼ መልሱን አላውቀውም ነበር።

«መንገዱስ አጭር ነው» አለች ማኅሌት። «ግን በመንገዱ ላይ ደም አያገኝም። ደም ከሌለ ኦክሲጅን የለም፤ ሥጋው ይራባል። ረሃቡ እንዲቀልለት በበረዶ ያቀዘቅዙታል። የደም ሥሩን ሲገጥሙ ጊዜ ከወሰደባቸው ረሃቡ ይረዝማል።»

«ይሁን። ደሟ ሲገባለት ጠገበ። ለምን አይነሳም?»

«ብዙው ጉዳት የሚደርሰው ያኔ ነው።»

«ሲጠግብ?» ኦቦ ተሬፋ ሳቁ። «ወይ የዘንድሮ ትምህርት!»

«እርስዎ የበሬ ሰው ነዎት። በጋውን ከስቶ የከረመ በሬ በአንድ ጊዜ ለምለም ሣር ላይ ቢለቀቅ ምን ይሆናል?»

ሳቃቸው ቆመ። «ይነፋል» አሉ። «ዳለቻ የሚባል በሬ ነበረኝ። ኢፋ ልጅ ሳለ አንጀቱን በላውና እርጥብ ሣር ላይ ለቀቀው። ሳይመሽ ሞተ።»

«ኢፋን መቱት?» አለች ማኅሌት።

«አልመታሁትም። ምን ብዬ እመታዋለሁ? ከርኅራኄው ነው ያደረገው።» የኢፋን ልብ እሳቸው ራሳቸው መሰከሩለት።

«ኩላሊቱም እንደዚያው ነው» አለች ማኅሌት። «ተርቦ የቆየው ሥጋ በድንገት የገባለትን ኦክሲጅን በወጉ መጠቀም ያቅተዋል። ከፊሉ ወደሚያቃጥል ነገር ተለውጦ ሥጋውን ያቆስለዋል። የኢፋ ቂም እዚህ ውስጥ የለበትም። በሬው ሞተ፤ ኩላሊቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ በቀናት፣ አንዳንዴም በሳምንታት ይድናል። እስከዚያ ደሟን በማሽን ያጥቡላታል።»

«ይህስ?» ሃይላንዱን አነሱት።

«በቁስል ላይ ምንነቱን የማናውቀውን ነገር ማፍሰስ ነው። ሰውነቷ የወንድሟን ኩላሊት ባዕድ ነው ብሎ እንዳይገፋው የምትውጠው መድኃኒት አለ፤ እሱንም ሊያበላሽባት ይችላል።»

«ይነቃል ብለሽ ትምይልኛለሽ?»

«አልምልም አባባ። የማይነቃም አለ። ይህን ካጠጧት ግን የሚነቃውንም ሊያጡት ይችላሉ። ከነቃላት በሳምንት ሦስት ቀን ከማሽን ጋር መታሰሩ ይቀርላታል፤ አምቦ ተመልሳ ታስተምራለች።»

ጊንጪ ላይ መኪናው ቆመ። ኦቦ ተሬፋ ወርደው ሃይላንዱን ቦዩ ውስጥ ደፉት። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ። «ኢፋ፣ ዳለቻን ታስታውሰዋለህ?» አሉና እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። እኔም አለቀስኩ፤ ምን ይደበቃል።

የማናውቀውን ነገር በቂም ወይም በእርግማን ማሳበብ ልማዳችን ነው። ሐኪምን «ለምን?» ብሎ መጠየቅ ግን ድፍረት አይደለም። ያን ቀን አንድ ጥያቄ ተጠይቆ ባይመለስ ኖሮ፣ አባት ልጁን በገዛ እጁ ሊጎዳ፣ ሌላውንም ያለ ጥፋቱ ሊከስ ነበር።

ከስምንት ቀን በኋላ፣ በገበያ ቀን፣ ኦቦ ተሬፋን አምቦ መናኸሪያ አገኘኋቸው። እህላቸውን ሊያስወቁ ወደ እጃጂ እየተመለሱ ነበር። ቆመን ስናወራ ስልካቸው ጮኸ። አዳመጡ፤ ጋቢያቸው ከትከሻቸው ወደቀ።

«ሸናች!» ብለው ጮኹ። «ልጄ ሸናች!»

የመኪና ረዳቶቹ ተሳፋሪ መጥራታቸውን አቁመው ዞረው አዩን። ጋቢውን አንስቼ እያለበስኳቸው «ኦቦ ተሬፋ፣ ሰው ይሰማል እኮ» አልኳቸው በሹክሹክታ።

«ይስማ እንጂ!» አሉኝ። «የኢፋ ኩላሊት ነው የነቃው፤ ሁሉም ይስማ!»