የትኛችን ነን ታማሚ?

እናቴ ቀዶ ጥገና አድርጋ ቧንቧ ውሃ ሰፈር እኔ ቤት ሳስታምማት፣ ለታማሚና ለአስታማሚ ድጋፍ የሚሰጥ በጎ አድራጎት ድርጅት ሰው ሊያየን መጣ። እሷ ደግሞ እንግዳ ተኝታ አትቀበልም። እንደምንም ተነስታ፣ ሻሿን አስራ ከፈተችለት። እኔን ወንበር ላይ እንቅልፍ ጥሎኛል። ስነቃ ሰውዬው አጠገቤ ቆሞ "አላህ ያሽርሽ" ይለኛል።

"ታማሚዋ እኮ እሷ ናት" አልኩት።

"እኔማ አልሐምዱሊላህ፣ አፊያ ነኝ" አለች እናቴ፣ ግድግዳውን ተደግፋ።

ድጋፉ ሊቀርብን ነው ብዬ ደነገጥኩ። "እማ፣ እውነቱን ንገሪው እንጂ።"

"እሱን ነው የምነግረው። ወላሂ፣ እኔ ከተኛሁ ወዲህ እህል በቅጡ አልቀመሰችም። የሚያስታምማት ያጣችው እሷ ናት።"

ሰውዬው አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን ያያል። "ታዲያ አስታማሚዋ የትኛችሁ ናችሁ?" አለ።

"እኔ ነኛ" አለችው፣ ግድግዳውን ሳትለቅ።